ፊትሲ የተለጠፈበት ፎስፎ ኤንፒኤም1 አንቲቦዲ፦ ሚቶሲስ ላይ እመኑት፣ ኑክሊዮለስ ላይ ጠርጥሩት

እቃው ኤንፒኤም1 ሚባለውን ፕሮቲን ፎስፌት ሲለጠፍበት (ፎስፎሪሌት ሲሆን) ለመያዝ የተሰራ፣ ፊትሲ ሚባል አረንጓዴ ሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ ነው። ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ፍርዴን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ሚቶሲስ (ሴሉ ሚከፋፈልበት ጊዜ) ላይ ባሉ ሴሎች በደንብ ይሰራል፣ ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ማንበብ) ላይም በጣም ተመችቶኛል፣ ግን መከፋፈል ባልጀመረ ሴል ውስጥ ኑክሊዮለሱ (ኒውክሊየስ ውስጥ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ቦታ) አረንጓዴ ሆኖ ሲበራ አይታችሁ ፎስፎሪሌት የሆነው ፕሮቲን እዚህ ነው ያለው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ከአምስት ሶስት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ የቀነስኩበት ምክንያት ግማሹ የእቃው ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሻጩ ከእቃው ጋር ሚልከው ወረቀት ነው።

ለምን እንደዛ እንዳልኩ እንዲገባችሁ ስለ ፕሮቲኑ ትንሽ ላውራ፣ ምታውቁት እለፉት። ኤንፒኤም1፣ ሙሉ ስሙ ኑክሊዮፎስሚን፣ የቆዩ ፅሁፎች ላይ ቢ23 ተብሎ ሚጠራው፣ 294 አሚኖ አሲድ ያለው፣ ክብደቱ 37 ኪሎዳልተን አካባቢ የሆነ ፕሮቲን ነው። አምስት አምስት እየሆነ ተያይዞ ይኖራል፣ አብዛኛው ኑክሊዮለስ ውስጥ ነው፣ ግን እዛው ታስሮ አይቀርም፣ ወደ ሳይቶፕላዝም ይወጣል ይመለሳል። ሂስቶን ሻፐሮን ነው፣ ማለትም ዲኤንኤ ሚጠቀለልባቸው ሂስቶን ሚባሉ ፕሮቲኖች ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ብቻቸውን ከተለቀቁ ያገኙት ነገር ላይ ይለጠፋሉ፣ እሱ ደግሞ ኔጋቲቭ በሆነው ክፍሉ ይይዛቸውና ዲኤንኤው ላይ በስርአት እንዲቀመጡ ያግዛል። በ1978 ሮን ላስኪና ባልደረቦቹ ዜኖፐስ ከሚባለው እንቁራሪት እንቁላል ይሄንኑ ስራ ሚሰራ ኑክሊዮፕላዝሚን ሚባል ፕሮቲን ገልፀው ነበር፣ ሞለኪውላር ሻፐሮን ሚባለው ነገር የተጀመረው ከዛ ነው፣ ኤንፒኤም1 የዛው ቤተሰብ አባል ነው።

ፎስፌት ሚለጠፍበት ቦታ ብዙ ነው። ሚለጥፉት ኪኔዝ ሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፣ ሲኬ2 ሚባለው ሰሪን 125 (125ኛው አሚኖ አሲድ) ላይ ይለጥፍበታል፣ ሲዲኬ2 ሳይክሊን ኢ ከሚባል አጋር ፕሮቲን ጋር ሆኖ ትሪዮኒን 199 ላይ፣ ሴሉ ሚቶሲስ ሲገባ ደግሞ ሲዲኬ1 ከሳይክሊን ቢ ጋር መጥቶ 199፣ 219፣ 234 እና 237 ላይ ይለጥፋል። ይሄ አንቲቦዲ የተሰራው ለ199 ነው። ቦታው ታዋቂ የሆነው በ2000 እና በ2001 በወጡ ስራዎች ነው፣ ሲዲኬ2 እዚህ ጋር ፎስፌት ሲለጥፍ ኤንፒኤም1 ሴንትሮዞሙን (ሴሉ ሲከፋፈል ክሮሞዞሞችን ሚጎትቱት ክሮች ሚነሱበትን አካል) ይለቃል፣ ሴንትሮዞሙም መባዛት ይጀምራል ነው ነገሩ። ከዛ በ2006 ደግሞ 199 ላይ ፎስፎሪሌት የሆነው ኑክሊየር ስፔክል ሚባሉት ነጠብጣቦች ጋር እንደሚገኝ ታየ፣ ስፕላይሲንግ ፋክተሮች (አርኤንኤን ቆርጠው ሚቀጥሉ ፕሮቲኖች) ሚከማቹባቸው ቦታዎች ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ስፔክል ነው ያልኩት፣ ኑክሊዮለስ አይደለም።

ችግሩ ሚመጣው እዚህ ጋር ነው። ኤንፒኤም1 ሴል ውስጥ በብዛት ከሚገኙ ፕሮቲኖች አንዱ ነው፣ ኑክሊዮለሱ በሱ የታጨቀ ነው። ፎስፎ አንቲቦዲ ደግሞ ፎስፌት የሌለውን ጨርሶ አልነካም ሚል ነገር አይደለም፣ ያለውን አጥብቆ ይይዛል፣ የሌለውንም በትንሹ ይነካል። እስቲ በቁጥር እናስበው፣ አንቲቦዲው ፎስፌት ያለውን ከሌለው 100 እጥፍ አስበልጦ ይያዝ እንበል፣ ይሄ ጥሩ ሚባል ምርጫ ነው፣ ግን ኢንተርፌዝ (ሴሉ ሳይከፋፈል ያለበት ጊዜ) ላይ ከ100 ሞለኪውል ፎስፌት ያለው 1 ብቻ ቢሆን ከምታዩት ብርሃን ግማሹ ገደማ ፎስፌት ከሌለው ነው ሚመጣው። ያ ብርሃን ደግሞ ሚሰበሰበው ፕሮቲኑ በታጨቀበት ቦታ፣ ኑክሊዮለስ ውስጥ ነው፣ ስለዚ ምስሉ ሲታይ በጣም ንፁህና አሳማኝ ይሆናል፣ ባክግራውንድ አይመስልም፣ የምታውቁትን የኤንፒኤም1 ቅርፅ ይዞ ነው ሚመጣው። አደገኛ ያደረገውም ይሄው ነው፣ ተራ ባክግራውንድ ቢሆን ሁሉም ሰው ያየው ነበር። ሚቶሲስ ላይ ግን ብዙው ሞለኪውል ፎስፎሪሌት ስለሆነ ያው አንድ አይነት አንቲቦዲ፣ ያው አንድ አይነት ምርጫ ይዞ፣ ሚሰጣችሁ ብርሃን በአብዛኛው እውነተኛው ነው።

ወደ እቃው ልምጣ። ጥንቸል ላይ የተመረተ ፖሊክሎናል (የብዙ አይነት አንቲቦዲዎች ድብልቅ) ነው፣ በ199 ዙሪያ ያለው ቅደም ተከተል ፎስፌት ተደርጎበት በሰው ሰራሽ ፔፕታይድ ተሰርቶ ነው እንስሳው የተከተበው፣ ከዛ ሴረሙ በፎስፎ ፔፕታይድ ተጣርቶ፣ ፎስፌት በሌለው ፔፕታይድ ላይ አልፎ የማይፈለገው ክፍል ተቀንሶለታል ይላል ወረቀቱ፣ በመጨረሻ ፊትሲ ተለጥፎበታል። በፈሳሽ መልክ ነው ሚመጣው፣ ውስጡ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን)፣ ግሊሰሮልና ጥቂት ሶዲየም አዛይድ አለ። አዛይዱ ፊክስ ለተደረገ (በኬሚካል ባለበት እንዲቆም ለተደረገ) ሴል ምንም አይደለም፣ በህይወት ላለ ሴል ግን መርዝ ነው፣ መቼም ይሄ አንቲቦዲ ህያው ሴል ውስጥ ስለማይገባ ብዙ አያሳስብም። ቢኤስኤው ግን ለአንዳንዱ ያሳስባል፣ ያልተለጠፈበትን ገዝታችሁ የራሳችሁን ቀለም ልትለጥፉ ካሰባችሁ ቢኤስኤም አዛይድም ትሪስም የሌለበትን ነው መጠየቅ ያለባችሁ፣ አለበለዚያ ቀለሙን ቢኤስኤው ይሻማዋል።

አሁን ወረቀቱን በተመለከተ። እዛ ላይ የተለጠፈው ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ በአንቲቦዲ ሚያሳይ ዘዴ) ፊትሲ ያልተለጠፈበት አንቲቦዲ ውጤት ነው። ቀለም መለጠፍ እኮ ዝም ብሎ ልብስ ማልበስ አይደለም፣ የፊትሲው አይሶታዮሳያኔት ሚያያዘው አንቲቦዲው ላይ ካሉ ላይሲኖች ጋር ነው፣ ከነዛ ላይሲኖች አንዱ አንቲጅኑን ሚይዘው ቦታ ላይ ከሆነ አያያዙ ይቀንሳል፣ በጣም ብዙ ቀለም ከተለጠፈ ደግሞ ቀለሞቹ እርስ በርስ ብርሃናቸውን ያጠፋፋሉ፣ አንቲቦዲውም እዚም እዛም ሚጣበቅ ይሆናል። ስለዚ ያልተለጠፈበት ስለሰራ የተለጠፈበትም ይሰራል ሚለው ግምት ነው፣ ገዢው እንደ ማስረጃ ሊቀበለው አይገባም። በአንድ አንቲቦዲ ላይ ስንት ቀለም እንዳለ ሚገልፀው ቁጥር ወረቀቱ ላይ የለም፣ ስንጠይቅ መጀመሪያ ከሌላ ሎት (የምርት ዙር) የተወሰደ ቁጥር ነው የተላከልን፣ ደግመን ስንጠይቅ ነው የያዝነውን ሎት ቁጥር ያገኘነው። መልሳቸው ትህትና ነበረው ፈጣንም ነበር፣ ያንን አልክድም፣ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ተጠይቆ ሳይሆን ከእቃው ጋር መምጣት አለበት። ለአይጥም ይሰራል ሚለውም ከቅደም ተከተል ተመሳሳይነት የተገመተ ነው፣ አልተሞከረም፣ ትንንሽ ፅሁፉን አንብቡት።

ቀለሙን በተመለከተ ፊትሲ አሮጌ ወዳጅ ነው፣ 495 ናኖሜትር አካባቢ ይቀበላል 519 አካባቢ ይለቃል፣ 488 ሌዘር ያለው ማሽን ሁሉ ያየዋል፣ ምንም ልዩ ፊልተር አያስፈልግም። ሁለት ድክመት አለው ግን። አንደኛው ብርሃን ስር ቶሎ መጥፋቱ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ቦታ እየፈለጋችሁ ፎከስ እያስተካከላችሁ ስትቆዩ ምትፈልጉት ሲግናል እየሞተ ነው፣ ስለዚ ፎከሱን በዳፒ (ዲኤንኤን ሰማያዊ አድርጎ ሚያሳይ ቀለም) አስተካክሉና ወደ አረንጓዴው ምትሄዱት ፎቶ ለማንሳት ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ፒኤች ነው፣ ፒኬኤው 6.4 አካባቢ ስለሆነ ወደ አሲድ ባዘነበለ ነገር ውስጥ ይደበዝዛል፣ ማውንቲንግ ሚዲያችሁ ወደ 8.5 ጠጋ ያለ ከሆነ ልዩነቱን በአይናችሁ ታዩታላችሁ። ከዛ በላይ ደግሞ ሴሉ ራሱ በአረንጓዴው በኩል በተፈጥሮው ትንሽ ይበራል፣ ፍላቪኖች አሉ፣ አልዲሃይድ ፊክስ ደግሞ ይጨምርበታል፣ እንደ ፎስፎ ፕሮቲን ያለ ደካማ ሲግናል ስትፈልጉ ይሄ ነገር ይሻማችኋል። ይሄው አንቲቦዲ ወደ ሩቅ ቀይ በሚያበራ ቀለም ተለጥፎም ይሸጣል፣ 647 ሚባለው አይነት፣ እዛ አካባቢ ሴሉ ጨለማ ስለሆነ ደካማ ሲግናል ጎልቶ ይወጣል፣ ጉዳቱ በአይን በደንብ አለመታየቱ ነው፣ ካሜራ ያስፈልጋል። ጥሩ ካሜራ ካላችሁና ቀያችሁ ባዶ ከሆነ እኔ ብሆን እሱን ነው ምገዛው።

አሁን ዋናው፣ ሴል ላይ ምን አየን ሚለው። ሄላ ሚባሉ የሰው ካንሰር ሴሎች ላይ ነው የሰራነው፣ ግማሹን ዝም ብለን፣ ግማሹን ኖኮዳዞል ሰጥተን ሚቶሲስ ላይ አስቁመን። አንድ ምክር እዚህ ጋር፣ ሚቶሲስ ላይ ያለ ሴል ክብ ሆኖ ከሳህኑ ስለሚላቀቅ መጀመሪያ በባፈር አጥባችሁ ከዛ ፊክሳቲቭ ካደረጋችሁ ምትፈልጓቸውን ሴሎች ራሳችሁ ደፍታችኋቸዋል፣ ፓራፎርማልዲሃይዱን ቀጥታ ሚዲያው ላይ ጨምሩት፣ የመጨረሻው መጠን 4 ፐርሰንት እንዲሆን አድርጋችሁ፣ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፣ ሴል ውስጥ ያሉ ፎስፋቴዞች (ፎስፌት ሚነቅሉ ኢንዛይሞች) ፊክስ እስኪደረጉ ድረስ ስራ ላይ ናቸው፣ በቀዝቃዛ ባፈር እያጠባችሁ በቆያችሁ ቁጥር ፎስፌቱን እየነቀሉት ነው። ብሎክ ለማድረግ (አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይጣበቅ ለመሸፈን) ወተት አትጠቀሙ፣ ካዚን ራሱ ፎስፎ ፕሮቲን ነው፣ ቢኤስኤ ወይ ሴረም ይሻላል።

ሚቶሲስ ላይ ምስሉ ቆንጆ ነው፣ ኑክሊዮለሱ ስለፈረሰ ሲግናሉ ሴሉ ውስጥ ተበትኖ ክሮሞዞሞቹን ዙሪያውን ከቦ ይታያል፣ አናፌዝ አልፎ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ይሄም ሲዲኬ1 ስራ ሲያቆም ሚጠበቅ ነገር ነው። አጠገቡ ያለው ኢንተርፌዝ ሴል ላይ ግን ኑክሊዮለሱ በራ፣ ከሚቶሲሱ ደከም ይላል ግን በግልፅ በራ። ስፔክል ሚመስል ነገርም አለ፣ ትንሽ ትንሽ ነጠብጣብ፣ ግን ኑክሊዮለሱ ስለሚጎላ አይን መጀመሪያ እሱን ነው ሚይዘው።

እና የትኛው እውነት ነው? ለዚ መልስ ሚሰጠው ላምዳ ፎስፋቴዝ ነው፣ ይሄን ኮንትሮል ሳትሰሩ በዚህ አንቲቦዲ ምስል አታውጡ። ፊክስ ተደርጎ ሽፋኑ የተበሳ ሴል ላይ ኢንዛይሙን አድርጋችሁ በ30 ዲግሪ ታቆዩታላችሁ፣ ማንጋኒዝ ይፈልጋል፣ ስለዚ ኢዲቲኤ (ማንጋኒዙን ሚነጥቅ ኬሚካል) ያለበት ባፈር እንዳይጠጋው፣ ፒቢኤስም እንዳይቀር በትሪስ ባፈር ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ፒቢኤስ ውስጥ ያለው ፎስፌት ኢንዛይሙን ያፍነዋል። ብዙ ሰው ፎስፋቴዙ አልሰራም ብሎ ሚተወው በዚ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ። ከጎኑ ሌላ ስላይድ ያው ባፈር፣ ያው ሙቀት፣ ያው ሰአት፣ ኢንዛይም ብቻ የሌለበት መኖር አለበት፣ ምክንያቱም ለረጅም ሰአት ባፈር ውስጥ መቆየት በራሱ ሲግናል ሊቀንስ ይችላል። እኛ ያየነው ይሄ ነው፣ የሚቶሲሱ ሲግናል ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ ጠፋ፣ የኑክሊዮለሱ ግን ትንሽ ቀነሰ እንጂ ቁጭ ብሎ ቀረ። ክሮስሊንክ የሆነ ሴል ውስጥ ኢንዛይሙ ኑክሊዮለሱ ጋር ላይደርስ ይችላል ልትሉ ትችላላችሁ፣ ተገቢ ጥርጣሬ ነው፣ ኑክሊዮለስ ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ነው፣ ለዛ ሁለተኛ ኮንትሮል ጨመርን፣ ፔፕታይድ።

የፔፕታይዱ ነገር እንዲህ ነው፣ አንቲቦዲውን ሴሉ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ከፔፕታይድ ጋር ታቆዩታላችሁ፣ በአንዱ ቱቦ ፎስፌት ካለው፣ በሌላው ከሌለው ጋር። ፎስፌት ያለው ሁሉንም ሲግናል ማጥፋት አለበት፣ አጠፋም። ፎስፌት የሌለው ምንም ባያጠፋ ነው ጥሩ አንቲቦዲ ሚባለው፣ እዚህ ግን የሚቶሲሱን ሳይነካ የኑክሊዮለሱን አብዛኛውን ወሰደው። ለኔ ይሄ በቂ ነው፣ ኑክሊዮለስ ላይ ሚታየው ብርሃን በአብዛኛው ፎስፌት የሌለው ኤንፒኤም1 ነው። ደስ ሚለው ግን ከዚህ መፍትሄም ወጣ፣ ፎስፌት የሌለውን ፔፕታይድ አንቲቦዲው ውስጥ ሁልጊዜ እየጨመሩ መጠቀም ይቻላል፣ እንደዛ ስናደርግ ኢንተርፌዝ ላይ ነጠብጣቦቹ ከኑክሊዮለሱ ጥላ ወጥተው በደንብ መታየት ጀመሩ። ሻጩ ይሄን ፔፕታይድ ከእቃው ጋር አብሮ ቢልክ ግማሽ ኮከብ ሳልሰስት እጨምርለት ነበር፣ ለብቻ ነው ማዘዝ ያለባችሁ።

አንድ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ እሺ በቃ ሚቶሲሱ እውነት ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ነው ሚያሳስበኝ። 199 ላይ ያለው ቅደም ተከተል ትሪዮኒን ከዛ ፕሮሊን ከዛ አላኒን ከዛ ላይሲን ነው፣ ይሄ ደግሞ ሲዲኬዎች ሚወዱት ቅርፅ ነው፣ ሰሪን ወይ ትሪዮኒን፣ ቀጥሎ ፕሮሊን፣ አንድ ምንም ቢሆን፣ ከዛ ላይሲን ወይ አርጂኒን። ሚቶሲስ ላይ ሲዲኬ1 በዚህ ቅርፅ እጅግ ብዙ ፕሮቲኖችን ፎስፎሪሌት ያደርጋል፣ ኤንፒኤም1 ራሱም ላይ እነ 219 አሉ። ፎስፋቴዝ የሁሉንም ነው ሚነቅለው፣ ስለዚ በፎስፋቴዝ ጠፋ ማለት ፎስፌት ነበር ማለት ነው እንጂ ኤንፒኤም1 ነበር ማለት አይደለም። የሲዲኬ1 ኢንሂቢተርም አይለየውም፣ ኖኮዳዞል ላይ ላለ ሴል ብትሰጡት ሴሉ ራሱ ከሚቶሲስ ስለሚወጣ ሲግናሉ በየትኛውም መንገድ ይጠፋል። ሚለየው ፕሮቲኑን መቀነስ ነው፣ በኤስአይአርኤንኤ (ፕሮቲኑ እንዳይመረት ሚያደርግ አጭር አርኤንኤ) ስንቀንሰው የሚቶሲሱ ሲግናል በጣም ወረደ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ኤንፒኤም1 በጣም ብዙ ስለሆነ ጨርሶ ማጥፋት ከባድ ነው፣ የቀረው የራሱ ትራፊ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ሲዲኬ ሳብስትሬት የመጣም ሊኖርበት ይችላል። አብዛኛው ግን የሱ መሆኑ ግልፅ ነበር፣ ለዛ ነው ሚቶሲስ ላይ እመኑት ያልኩት። አቅሙ ያለው 199ን ወደ አላኒን የቀየረ ኮንስትራክት አስገብቶ ቢያይ ደግሞ ይሄ ክርክር እዛው ያበቃል።

ፍሎው ላይ ነው በጣም የወደድኩት። በ4 ፐርሰንት ፓራፎርማልዲሃይድ ፊክስ አድርገን በቀዝቃዛ 90 ፐርሰንት ሜታኖል ስንበሳው ትራይተን ከሚባለው ሳሙና የተሻለ ልዩነት አገኘን፣ ሚቶሲስ ላይ ያሉት ሴሎች ከሌላው ተለይተው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጥርት ብሎ። ዲኤንኤ በፕሮፒዲየም አዮዳይድ ስትቀቡ 488 ሌዘሩ ሁለቱንም ያነሳቸዋል፣ የአዮዳይዱ ብርሃን 617 አካባቢ ስለሆነ ከፊትሲ ይለያል፣ ኮምፔንሴሽን (ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሚፈሰውን ብርሃን መቀነስ) ግን አትርሱ፣ አርኤንኤዝም ጨምሩበት። ፍሎው ላይ ኑክሊዮለስ ይሁን ስፔክል ማወቅ አትችሉም፣ የሴሉን ድምር ነው ምታዩት፣ ስለዚ ኢንተርፌዝ ላይ ያለውን ከፍታ እንደ መነሻ ወስዳችሁ ከዛ በላይ የወጣውን ብቻ ነው ማንበብ ያለባችሁ። ለማነፃፀሪያ ምትጠቀሙት የጥንቸል አይጂጂ (ለዚህ ፕሮቲን ያልተሰራ ተራ አንቲቦዲ) ፊትሲ የተለጠፈበት ይሁን፣ የቀለሙ ብዛትም ከዚህኛው ጋር ሚቀራረብ፣ ያ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይኑር ብዬ ምጨቀጭቀው ለዚ ጭምር ነው።

ቀለሙ ቀጥታ የተለጠፈበትን መግዛት ዋጋ አለው ወይ ሚለው ጥያቄ ይነሳል፣ ምክንያቱም ያልተለጠፈበትን ገዝቶ ሴኮንደሪ (የመጀመሪያውን አንቲቦዲ፣ ማለትም ፕራይመሪውን፣ ሚይዝ ቀለም ያለው ሁለተኛ አንቲቦዲ) መጠቀም ይቻላል፣ ሴኮንደሪው በአንድ ፕራይመሪ ላይ ብዙ ሆኖ ስለሚያያዝ ብርሃኑን ያጎላዋል። ለአንድ ቀለም ስራ ብቻ ከሆነ እውነቱን ለመናገር ያልተለጠፈበት ከሴኮንደሪ ጋር ይሻላል፣ ይደምቃል። ቀጥታው ዋጋ ሚኖረው ሌላ የጥንቸል አንቲቦዲ አብራችሁ መጠቀም ስትፈልጉ ነው። እኛ ሂስቶን ኤች3 ሰሪን 10 ላይ ፎስፎሪሌት የሆነውን ሚያሳይ 647 የተለጠፈበት የጥንቸል አንቲቦዲ አብረን ነው የተጠቀምነው፣ ሁለቱም ቀጥታ ስለሆኑ በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳይደባለቁ፣ ሚቶሲስ ላይ ያለው ሴል በኤች3 ይታወቃል፣ በዛው ሴል ላይ ኤንፒኤም1ን ታነባላችሁ። በሴኮንደሪ ይሄን መስራት ጭንቅ ነው። አንዱን በሴኮንደሪ ሌላውን በቀጥታ ካደረጋችሁ ደግሞ ሴኮንደሪው ያለበትን አስቀድሙ፣ ከዛ በጥንቸል ሴረም ብሎክ አድርጉ፣ ከዛ ነው ቀጥታው ሚገባው፣ ካልሆነ ባዶ የቀረው የሴኮንደሪው እጅ ፊትሲውን ይይዘዋል።

ዌስተርን ላይ ያልተለጠፈበትን ነው የሞከርነው፣ ኖኮዳዞል ካለበት ናሙና 38 ኪሎዳልተን አካባቢ ጥሩ ባንድ ይሰጣል፣ ከላይ ደብዘዝ ያለ ሌላም አለ። ፊትሲ ያለበትን ለዌስተርን አትግዙ።

ስለ ሉኪሚያም ልበል፣ ምክንያቱም ኤንፒኤም1 ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ሚያስበው እሱን ነው። በ2005 ብሩኖ ፋሊኒና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት አኪዩት ማየሎይድ ሉኪሚያ ካለባቸው አዋቂዎች ሲሶ በሚሆኑት ላይ ይሄ ጂን ተቀይሮ ፕሮቲኑ ወደ ሳይቶፕላዝም ይወጣል። ለውጡ ያለው ጫፉ ላይ ነው፣ ኑክሊዮለስ ውስጥ ሚይዙት ትሪፕቶፋኖች ይጠፋሉ፣ ወደ ውጪ ሚያስወጣ ሲግናል ይጨመራል። 199 ግን በሁለቱም አይነት ላይ እንዳለ ነው። ስለዚ ይሄ አንቲቦዲ የተቀየረውን ካልተቀየረው አይለይም፣ ሳይቶፕላዝም ላይ ብርሃን ስላያችሁም ሚውቴሽን ነው ማለት አትችሉም፣ በተለይ ሚቶሲስ ላይ ያለ ሴል ሁሌም እንደዛ ነው ሚመስለው። ለምርምር ብቻ ይላል ጠርሙሱ፣ እንደዛው ይሁን፣ የታማሚ ናሙና ላይ ውሳኔ ሚሰጥበት ነገር አይደለም።

አቀማመጡ ቀላል ነው፣ የኛው ከብርሃን ተጠብቆ 4 ዲግሪ ላይ ነው ሚቀመጠው፣ እየቀዘቀዘ እየቀለጠ እንዳይንገላታ፣ ቱቦውን በፎይል ጠቅልሉት። እኛ ጋር ከወራት በኋላም ብርሃኑ ያን ያህል አልወረደም።

ትልቁ ስጋቴ ሎት ነው። ፖሊክሎናል ስለሆነ አዲስ እንስሳ ማለት አዲስ የአንቲቦዲ ድብልቅ ነው፣ ፎስፌት የሌለውን ምን ያህል እንደሚነካ ከሎት ሎት ይለያያል። ሁለተኛ ያዘዝነው ሎት ኑክሊዮለስ ላይ ከመጀመሪያው በግልፅ የባሰ ነበር፣ ካታሎግ ቁጥሩ ያው፣ ወረቀቱ ያው፣ ስእሉ ራሱ ያው። ይሄው ቦታ ላይ ሚሰራ ሪኮምቢናንት ሞኖክሎናል (ከታወቀ ጂን ሚመረት አንድ አይነት አንቲቦዲ) ካገኛችሁ ቢወደድም እሱን ግዙ፣ ሁሌም አንድ አይነት ነው ሚመጣው። ይሄንኑ ምትገዙ ከሆነ ግን ስታዙ የሎት ቁጥሩን ፃፉላቸው፣ የጥናታችሁን ሙሉ ፍላጎት አስባችሁ በቂ መጠን ከአንዱ ሎት አስቀምጡልን በሏቸው፣ እኛ ስንጠይቅ እሺ ብለውናል፣ አዲስ ሎት ከመጣ ደግሞ ከድሮው ጥቂት አስቀርታችሁ ፎስፋቴዝ የነካውና ያልነካው ስላይድ ላይ ጎን ለጎን ሳታዩት ወደ ስራ አታስገቡት።